ግማሽ ሊትር በጥማድ

እትዬ ሸዋርጋን ለማያውቃቸው ሰው ከየት ልጀምር? ሮቤ ውስጥ ለገበሬዎች መመሪያ የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት አለ። ስንዴ እንዴት ይዘራል፣ ዋግ ሲመታው ምን ይረጫል፣ ድንች እንዴት ሳይበሰብስ ይከርማል የሚሉ ቀጫጭን ጥራዞች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እናሳትማለን። አምስት ነን፣ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ። እኔ ፊሊጶስ እባላለሁ፤ የአማርኛው ቋንቋ አራሚ ነኝ። ከደብረ ብርሃን በአስተማሪነት መጥቼ ጠመኔ ሲሰለቸኝ እዚህ ገባሁ። እትዬ ሸዋርጋ ደግሞ የሚጻፈውን ሁሉ የሚተይቡ፣ የሚያቀናጁና የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

የተወለዱት ጎባ ነው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ታይፕ ተምረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መሥሪያ ቤት ገቡ። ያኔ ደብዳቤ የሚመታው በካርቦን ነው፤ አንዱ ቅጂ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል። የእሳቸው ፍቅር ከሚቀረው ጋር ነበር። የሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ከነቁጥሩ ሲጠሩ ሰምቻለሁ። አለቃችን አቶ ፍስሐ ወረቀት ሲጠፋባቸው ፋይል አያገላብጡም፣ «እትዬ ሸዋርጋን ጠይቁ» ነው የሚሉት። እሳቸውም ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ አረንጓዴው፣ ከመሐል ትንሽ ወረድ ብሎ» ይላሉ። ይገኛል።

እኔ ይህን እንደ ተሰጥኦ ነበር የማየው። ከኋላው ፍርሃት እንዳለበት የገባኝ ዘግይቼ ነው። እናታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው የቤቱን ቁልፍ ዱቄት ውስጥ ይቀብሩ፣ የወለዷትን ልጅ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሉ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ያረፉት ታላቅ እህታቸው ወለተኢየሱስም እንደዚያው ሆነው ነው የሞቱት። እትዬ ሸዋርጋ ተራው የእኔ ነው ብለው ያምናሉ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ «ፊሊጶስ፣ እኔን ሞት አያስፈራኝም። ሳልሞት መጥፋት ነው የሚያስፈራኝ» አሉኝ። ዳቦውን ወደሳቸው ገፋ አደረግሁት።

አሁን ስለ ኮምፒውተሮቻችን ልናገር፣ ነውር ቢሆንም። የዋጉ መመሪያ ብቻ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እና «አቶ ፍስሐ ያዩት የመጨረሻ» በሚሉ ስሞች አራት ቦታ ተቀምጦ ነበር። በፍላሽ እንቀባበላለን። የድንቹን መመሪያ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው አርመውት አንደኛው የሌላውን የሁለት ሳምንት ሥራ ድራሹን አጠፋው። አጥፊው እኔ አልነበርኩም፣ ይህ ይያዝልኝ።

በዚህ የተነሳ መስከረም ላይ ሳምራዊት ከሐዋሳ ተቀጥራ መጣች። ያመጣችውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እሷ ጊት ትለዋለች፣ እኛ መዝገቡ አልነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሰሌዳ ላይ እየሣለች አስረዳችን። «የራሳችሁን ቅርንጫፍ አውጥታችሁ ትሠራላችሁ፣ ስትጨርሱ ወደ ግንዱ ትመልሱታላችሁ» አለች። ቅርንጫፍ ወደ ግንድ ሲመለስ በዕድሜዬ አላየሁም። አቶ ፍስሐ ራሳቸውን በመስማማት ይነቀንቃሉ፤ በእረፍት ሰዓት ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ገባህ?» አሉኝ። «እርስዎስ?» አልኳቸው። ተያይተን ተውነው።

ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጭንቅላታችን ውስጥ የቀረው ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል። አንድ ነገር በለወጠ ቁጥር ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ ማስታወሻ ይጽፋል። መዝገቡ ደግሞ ማን መቼ ምን እንደነካ ይይዛል፣ የያዘውንም አይለቅም። ማስገባቱን እንደምንም ለመድን። ወደ ኋላ ሄዶ ማየቱን ግን ከሳምራዊት በቀር የቻለ አልነበረም።

እትዬ ሸዋርጋ መነጽራቸውን አውልቀው «ማስታወሱን ለእሱ ሰጠነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ! ከእንግዲህ እርስዎ አይቸገሩም» አለች ሳምራዊት በደስታ። እትዬ ሸዋርጋ አልተደሰቱም። የይለፍ ቃላቸውን በትልልቅ ፊደል ጽፈው ከስክሪኑ ጎን ለጠፉት። ምስጢር እኮ ነው ብትላቸው «ከኔ ምስጢር ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው» አሏት።

ማስታወሻ አጻጻፋቸው ደግሞ ጉድ ነበር። ሳምራዊት የምትፈልገው አንድ መስመር ነው። እሳቸው ግን «ጉዳዩ፡ ገጽ ዘጠኝን ማስተካከልን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ በሁለተኛው አንቀጽ የተዘለለ አራት ነጥብ ስለተገኘ በቦታው እንዲገባ የተደረገ መሆኑን እገልጻለሁ። ከሰላምታ ጋር፣ ሸዋርጋ» ብለው ይጽፋሉ። ለአንድ አራት ነጥብ! የእኔ ማስታወሻ በሌላው ጫፍ ነው። ምንም ብሠራ የምጽፈው «ተስተካክሏል» የሚል አንድ ቃል ነው። «ጋሼ ፊሊጶስ፣ ምኑ ነው የተስተካከለው?» ትለኛለች ሳምራዊት። «ያልተስተካከለው ነዋ» እላታለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳምራዊትም ልታስተወን አልቻለችም። እኛ ቢሮ ወንበር የግል አይደለም። ምሳችንን እንደምንቋደሰው ኮምፒውተሩንም እንቋደሳለን፤ ያልተያዘ ካለ ሰው ይቀመጥበታል። በተለይ የእትዬ ሸዋርጋ ይፈለጋል፣ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ሩብ ሰዓት የሚያቆየው ዩፒኤስ ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ሁላችንም ወደዚያ ወንበር እንጋፋለን።

መጋቢት ገባ። ገበሬው ለበልግ ማሳውን ሲያዘጋጅ የዋጉ መመሪያ ታትሞ ወደ አጋርፋና ወደ ሲናና ሄደ። ሳምንት ሳይሞላው አቶ ዳቢሴ የሚባሉ የሲናና ገበሬ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ሁለት ጥራዝ ይዘው ገቡ።

«ነጋን ቡልተኒ?» ብለው ለሁላችንም ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ጥራዞቹን እትዬ ሸዋርጋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። «ይሄ የአፋን ኦሮሞው ነው። መድኃኒቱን ግማሽ ሊትር በሄክታር ርጭ ይለኛል። ይሄ የአማርኛው ነው። ግማሽ ሊትር በጥማድ ይለኛል። ማል ጄቹዻ? ምን ማለት ነው? እኔ ሁለት ዓይነት ስንዴ አለኝ እንዴ፣ አማርኛ የሚሰማና ኦሮምኛ የሚሰማ?»

እኔ ልስቅ አፌን ስከፍት የእትዬ ሸዋርጋን ፊት አየሁና ዘጋሁት። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው። የአማርኛውን ያመነ ገበሬ መድኃኒቱን አራት እጥፍ አድርጎ ማሳው ላይ ሊያፈስ ነው።

«ዹጋ ኬሰን፣ እውነትዎን ነው አባቴ። ዛሬውኑ እናርማለን» አሉ እትዬ ሸዋርጋ። ድምፃቸው ደህና ነበር። ጥራዙን ግን ዘግተው እንደገና ገለጡት፣ ምክንያቱም የአማርኛው ጥራዝ የሚወጣው በእሳቸው እጅ ነው።

ርጭቱ ገና ሁለት ወር ስለሚቀረው ጉዳት አልደረሰም። ጥራዙ ከየቀበሌው ተሰበሰበ። ቢሆንም አቶ ፍስሐ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለበላይ መጻፍ ነበረባቸው። «መዝገብ አለን አይደል? መዝገቡ ይናገራ!» አሉ፣ መዝገቡን ያመጡት እሳቸው ይመስል። ሳምራዊት የወንድሟ ሠርግ ሆኖ በዚያው ቀን ወደ ሐዋሳ የምትሄድ ነበረች። አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች መስመሩን ፈለገችና አንድ ወረቀት አትማ ሰጠቻቸው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ነበር። የተለወጠው ቃል፣ ቀኑ 12/2፣ ስሙ ሸዋርጋ።

እትዬ ሸዋርጋ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የዓመቱን ማስታወሻ ደብተር አወጡ። የየቀኑን ውሎ የሚጽፉበት ደብተር ነው። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው። ጥቅምት 12ን ገለጡ። በእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ «ቢሮ ዋልኩ። የዋጉን መመሪያ ገጽ ዘጠኝ ተየብኩ።»

ስህተቱ ያለው ገጽ ዘጠኝ ላይ ነበር።

«ስሜ ነው። ደብተሬም ይመሰክራል» አሉ ቀስ ብለው። «ግን አላስታውሰውም። ፊሊጶስ፣ ሄክታሩን ስቀይር ምንም አላስታውስም።»

እኔም ላጽናና ብዬ «ዕድሜ ነው እትዬ። ሁላችንም እንረሳለን» አልኳቸው። ይህን ያልኩበትን አፍ እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ሸዋርጋ ሌላ ሰው ሆኑ። አንድ ነገር የት እንዳለ ስንጠይቃቸው «መዝገቡን ጠይቁ» ይሉናል። ማታ ስንወጣ የቢሮውን በር ቆልፈው መንገድ ከጀመርን በኋላ ተመልሰው ይገፉታል፣ ጥቂት ሄደው እንደገና ይመለሳሉ። አንድ ቀን የድንቹን ፋይል ለምኛቸው መደርደሪያው ፊት ቆሙ። ፋይሉ ከአፍንጫቸው ፊት ነው፣ እኔ ራሴ አየሁት። እሳቸው ግን እጃቸውን ማንሳት ፈሩ። ቆመው ቆመው «ይቅርታ ልጄ፣ አንተ ፈልገው» አሉኝ።

ነገሩ ዞረብኝ። ያሳሳቱት እኚህ ሴት መሆናቸውን እጠራጠራለሁ፤ መዝገቡ ደግሞ አይዋሽም ተብለናል። መዝገቡን ላምን ስል እትዬ ሸዋርጋ ይመጡብኛል፣ እሳቸውን ላምን ስል የገዛ ደብተራቸው ይመጣብኛል። አንድ ሁለት ጊዜ በድፍረት ኮምፒውተሩን ከፍቼ ወደ ኋላ ልመለከት ሞከርኩ። ቅርንጫፍ ላይ ወጥቼ ቀረሁ፣ ግንዱን ማግኘት አቃተኝ፣ ዘጋሁት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እትዬ ሸዋርጋ በፈቃዳቸው ጡረታ ለመውጣት ማመልከቻ መጻፍ መጀመራቸውን ሰማን። ሰኞ ሊያስገቡ ነው። ዓርብን ፈቃድ ጠይቀው ጎባ ቤታቸው ዋሉ።

ዓርብ ጠዋት ሳምራዊት ከሠርጉ ተመለሰች። እጇ ላይ ሂና አለ፣ ፊቷ በደስታ ያበራል። «ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?» አለች ገና ከበሩ። አቶ ፍስሐ ወረቀቱን አውጥተው ነገሯት። እትዬ ሸዋርጋ ጥቅምት 12 ቀን ለውጠውት፣ ራሳቸውም አምነው፣ ሊለቁ ነው።

«የምን ጥቅምት?» አለች ሳምራዊት።

«ሁለተኛው ወር ነዋ።»

«ጋሼ ፍስሐ! ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው እኮ። ይሄ ፌብሩዋሪ ነው።» ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ሄዳ በጣቷ ቆጠረች። «የካቲት አምስት።»

አቶ ፍስሐ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። የካቲት አምስት የወለተኢየሱስ አርባ ነበር። እትዬ ሸዋርጋ ጎባ ተዝካሩ ላይ ነበሩ። አቶ ፍስሐም፣ ሳምራዊትም፣ የአፋን ኦሮሞው አራሚ ወዚርም በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄደው እዚያው ነው የዋሉት። ቢሮው ውስጥ የቀረ አንድ ሰው ነው። የማተሚያ ቤቱ ቀን ደርሷል ብሎ የቀረው እኔ ነኝ።

ሳምራዊት ያን ዕለት በችኮላ ያላተመችውን ማስታወሻ ከፈተችው። «ጉዳዩ» የሚል የለበትም። ሰላምታ የለበትም። አንድ ቃል ብቻ ተቀምጧል። ተስተካክሏል።

ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ ያ በቃ። ያ ቀን ተመልሶ መጣልኝ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ኮምፒውተሬ ጠፋ። ወደ እትዬ ሸዋርጋ ወንበር ሄድኩ፤ ከዋዜማው ጀምሮ በስማቸው እንደተከፈተ ነበር። ገጽ ዘጠኝ ላይ አንዱ መስመር ሄክታር ይላል፣ ከሱ በታች ያለው ጥማድ ይላል። ምን ዓይነት ዝብርቅርቅ ነው ብዬ ሁሉንም ጥማድ አደረግሁት። ገበሬው የሚያውቀው ቃል ነው፣ ለጆሮም ይጥማል። ቃሉን አየሁ እንጂ ከፊቱ ያለውን ግማሽ ሊትር አላየሁትም። ከዚያም ጨርሶ ከጭንቅላቴ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ያችን ሴት ሳጽናና አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

«ልደውልላቸው» አሉ አቶ ፍስሐ ስልካቸውን አንስተው።

«አይደውሉ። እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

የጎባ ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ዓመት የቆየ መሰለኝ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስሠራና ሳፈርስ ነበር። ጎባ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ጠበቀችኝ። የእትዬ ሸዋርጋ ቤት ከገበያው ከፍ ብሎ ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩበታል። አንኳኳሁ። ከፍተው ሲያዩኝ ደነገጡ፣ ግባ አሉኝ።

ገባሁና ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ በትንንሽ ወረቀት ተሞልቷል። የጨው ጣሳ ላይ «ጨው» ይላል። ከምድጃው በላይ «ጠፍቷል? ሁለቴ እይ» ይላል። የእህታቸው ፎቶ ሥር «ወለተኢየሱስ፣ እህቴ» ይላል። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮበታል። በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ጉዳዩ፣ ስም። እንዲህ ይነበባል፦ «1፡40። ጉዳዩ፡ ምድጃ ማጥፋት። አጥፍቻለሁ። ሸዋርጋ።» «2፡10። ጉዳዩ፡ በር መቆለፍ። ቆልፌአለሁ። ሸዋርጋ።» «2፡15። ጉዳዩ፡ በር መቆለፍ። በድጋሚ አይቻለሁ። ሸዋርጋ።» ገጹ ሞልቶ፣ ከጀርባው ያለው ሞልቶ፣ የሁለት ሳምንት ኑሮ በሙሉ እዚያ ላይ ተፈርሞበታል።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ጥማዱ። የለወጥኩት እኔ ነኝ። በእርስዎ ኮምፒውተር፣ በእርስዎ ስም።» ፌብሩዋሪውንም፣ መብራቱንም፣ «ተስተካክሏል» የሚለውንም እየተደነቃቀፍኩ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ። «ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?»

«እዚህ። የእህትዎ አርባ ላይ።»

«አልነካሁትም?»

«አልነኩትም።»

«ነክቼው ጠፍቶብኝ አይደለም?»

«አይደለም እትዬ። ቢሮ አልነበሩም።»

ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ፣ ትከሻቸው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔም ዕንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። ጥቂት ቆይተው ነጠላውን አወረዱ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ግን ያ የማውቀው ቁጣ ተመልሶበታል።

«አንተ!» አሉ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ በር ስቆልፍ ስከፍት! የእህቴ ፎቶ ላይ ስሟን ስጽፍ! ‹ዕድሜ ነው› አልከኝ እኮ!»

«ብዬአለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ!»

ተነሥተው ደብተሩን ከሚስማሩ አወረዱ። ጠረጴዛው ላይ ሰኞ የሚያስገቡት ማመልከቻ ነበር፤ ደብተሩን እላዩ ላይ ዘረጉትና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«ጻፍ» አሉኝ። «አንድ ቃል ጽፈህ እንዳትነሣ።»

የዕለቱን ቀን አስቀመጥኩና ጻፍኩ። «ጉዳዩ፡ የገጽ ዘጠኝን ስህተት ይመለከታል። የካቲት 5 ቀን እትዬ ሸዋርጋ እህታቸውን ሲዘክሩ፣ በስማቸው ገብቼ ሄክታሩን ጥማድ ያደረግሁት እኔ መሆኔን እገልጻለሁ። እሳቸው አልነኩትም። ምንም የጠፋባቸው ነገር የለም። ከሰላምታ ጋር፣ ፊሊጶስ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን ባዶ የቀረው ዓምድ ላይ አሳርፈው፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰዓቱን ረሳኸው» አሉኝ።